ኤች ፒ ቪ እና ወጣት ሴቶቻችን፦ ለአምበርና ለአካባቢው አድማጮች

የዛሬው ዝግጅታችን ስለ አንድ ቫይረስ ነው። ሙሉ ስሙ ሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ ነው፤ የጤና ባለሙያዎች አሳጥረው ኤች ፒ ቪ ይሉታል። የማህፀን በር ካንሰርን የሚያመጣው እሱ ነው። ልጆች አጠገባችሁ ካሉ አታስወጧቸው። በተለይ 9 ዓመት የሞላት ሴት ልጅ ካለቻችሁ ትቀመጥና ትስማ፤ ነገሩ ከሁላችንም ይልቅ እሷን ይመለከታል።

ይህ ቫይረስ በወጣት ሴቶች ዘንድ ምን ያህል የተለመደ ነው? ብዙ ሰው ሲጠየቅ "ጥቂት ሴቶች ናቸው የሚይዛቸው፤ እነሱም እንዲህና እንዲያ ያሉ" ይላል። እውነቱ የተገላቢጦሽ ነው። የግብረ ሥጋ ግንኙነት የጀመረ ሰው፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ አብዛኛው በሕይወት ዘመኑ አንድ ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ይይዘዋል። ከሁሉ በላይ የሚበዛው ደግሞ በአሥራዎቹ መጨረሻና በ20ዎቹ መጀመሪያ ባሉ ወጣቶች ላይ ነው።

ቁጥር ልጥቀስላችሁ። በአሜሪካ ክትባቱ ገና ሳይዳረስ በአገር አቀፍ ደረጃ የተሰበሰበ ናሙና ተመርምሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣው ውጤት መሠረት ዕድሜያቸው ከ20 እስከ 24 ከሆነ ሴቶች መካከል ከ100ው 45 ያህሉ በተመረመሩበት ሰዓት ቫይረሱ ነበረባቸው። ልብ በሉ፤ ይህ "በዕድሜያቸው አንድ ጊዜ የያዛቸው" አይደለም፣ በዚያው ዕለት የተገኘባቸው ናቸው። በዚያው አገር በኒው ጀርሲ የዩኒቨርሲቲ ሴት ተማሪዎችን ለ3 ዓመት የተከታተሉ ተመራማሪዎች ደግሞ፣ ሲጀመር ቫይረሱ ካልነበረባቸው ተማሪዎች ከ100 43 ያህሉ በእነዚያ 3 ዓመታት ውስጥ እንደያዛቸው አይተዋል።

"ያ አሜሪካ ነው" የሚል አድማጭ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እንግዲያው ወደ እኛ እንምጣ። ከመላው ዓለም የተሰበሰቡ ጥናቶችን ያጠቃለለ አንድ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2010 ታትሞ ነበር። የማህፀን በራቸው ሲታይ ምንም ጉዳት ያልተገኘባቸውን ሴቶች ብቻ ወስዶ ሲቆጥር፣ በዓለም አማካይ ከ100ው 12 ያህሉ ቫይረሱ ሲገኝባቸው፣ በምሥራቅ አፍሪካ ግን ከ3 ሴቶች 1ዋ ላይ ተገኝቷል። በአገራችን በጉራጌ ዞን በአጣጥ ሆስፒታል በኩል የገጠር ሴቶች ተመርምረው፣ ወጣቷም ባልቴቷም አንድ ላይ ተቆጥረው፣ ከ6 ሴቶች 1 ያህሏ ተይዛ ተገኝታለች። እነዚህ እንደ አምበር ሴቶች በእርሻና በጓዳ ሥራ የሚውሉ፣ ገበያ ወጥተው የሚገቡ ሴቶች ናቸው።

አሁን ከሁሉ በላይ እንድትሰሙልኝ ወደምፈልገው ነገር ልግባ። በአሜሪካ ሲያትል በሚገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የተሠራ አንድ ጥናት አለ። ተመራማሪዎቹ የመረጧቸው ወጣት ሴቶች በሕይወታቸው አንድ ወንድ ብቻ ያወቁ ናቸው። ሁለተኛ ወንድ ያወቀች ከቆጠራው ትወጣለች። ከእነዚህ አንድ ወንድ ብቻ ከሚያውቁት ሴቶች ከ4ቱ ከ1 በላይ የሚሆኑት በ1 ዓመት ውስጥ ቫይረሱ ያዛቸው። በ3 ዓመት ውስጥ ወደ ግማሽ ተጠጉ።

ይህን ደግሜ ልበለው፤ ሬዲዮ ነውና የተጻፈውን መለስ ብሎ ማንበብ አይቻልም። በሕይወቷ አንድ ወንድ ብቻ የምታውቅ ሴት ይህ ቫይረስ ሊይዛት ይችላል፤ የሚይዛቸውም ጥቂት አይደሉም። በድንግልና አግብታ፣ በተክሊል ተድራ፣ ከባሏ ሌላ ወንድ ሳታይ የኖረች ሴት ልትያዝ ትችላለች። ቫይረሱ ባሏ ከእሷ በፊት በነበረው ሕይወት ይዞት የመጣ ሊሆን ይችላል። በእኛ አገር ደግሞ ፈትቶ ማግባት ብርቅ አይደለም፤ ወንዱ ከመጀመሪያ ሚስቱ፣ የመጀመሪያ ሚስቱም ከእሱ በፊት ከነበራት ባል ሊተላለፍባቸው ይችላል። ወንዱ አብዛኛውን ጊዜ የሚያመው ነገር ስለሌለ መያዙን አያውቅም። ወንዱን መርምሮ "አለብህ፣ የለብህም" የሚል የተፈቀደ የተለመደ ምርመራም የለም። ስለዚህ ማን ለማን እንዳስተላለፈ መቁጠር ከንቱ ነው። ቫይረሱ ለዓመታት ተኝቶ ቆይቶ በኋላ በምርመራ ሊታይም ይችላል፤ ዛሬ ተገኘ ማለት ትናንት ገባ ማለት አይደለም።

ይህን ያህል የማስረዝመው በምክንያት ነው። በእኛ ዘንድ "ቫይረስ አለባት" ሲባል ሰው ቶሎ የሚያስበው ኤች አይ ቪን ነው፣ ከዚያም አልፎ ምግባርን ነው። ጨብጥ እንኳ ጨረቃ ላይ በመሽናት ይመጣል ሲባል በኖረበት አገር፣ እንዲህ ዓይነት ነገር ሲነሣ አንድም ሰበብ ፈልጎ መሸፋፈን፣ አንድም ሴቲቱን መኮነን ነው የተለመደው። ውጤቷን ሰምታ ለባሏ ለመንገር የምትፈራ፣ አማቷ እንዳትሰማ ብላ ክትትሏን የምታቋርጥ ሴት የምትጎዳው በቫይረሱ ሳይሆን በዚህ ፍርሃት ነው። ወጣት ባሎች በዚህ ሰዓት ከሥራ ገብታችሁ የምትሰሙ ከሆነ፣ ሚስትህ ኤች ፒ ቪ ተገኘባት ማለት ወደ ሌላ ሄደች ማለት አይደለም። አንተም ሄድክ ማለት አይደለም። እንደ አብዛኛው የዓለም ሰው ናችሁ ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ሰው ከተያዘ ታዲያ እንዴት ሁሉም ሴት ካንሰር አልያዛትም? ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልሱም መልካም ዜና ነው። ከ10 ሴቶች በ9ኙ ላይ ሰውነት ራሱ ቫይረሱን በ2 ዓመት ውስጥ ያጠፋዋል፤ ወይም መገኘቱ እስኪጠፋ ድረስ ያዳክመዋል። መድኃኒት ሳትወስድ፣ ሳታውቀውም ያልፋል። ቀደም ብዬ ባነሣኋቸው የኒው ጀርሲ ተማሪዎች ላይ ቫይረሱ የቆየው በአብዛኛው 8 ወር አካባቢ ነበር።

ቫይረሱ ራሱም አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። ከ200 በላይ ዓይነቶች አሉት። አንዳንዶቹ በእጅና በእግር ላይ የምናውቀውን ኪንታሮት ያወጣሉ። 6 እና 11 የሚባሉት በብልት አካባቢ ኪንታሮት ያመጣሉ፤ ያሳፍራል፣ ያስቸግራል፣ ካንሰር ግን አይሆንም። ወደ ካንሰር ሊያመሩ የሚችሉት ደርዘን ያህል ናቸው። ከእነሱም 16 እና 18 ቁጥር የሚባሉት ሁለቱ ብቻቸውን በዓለም ካለው የማህፀን በር ካንሰር ከ100 እጅ 70 ያህሉን ያመጣሉ። ይህንን ግንኙነት ያረጋገጠው ጀርመናዊው ሐኪም ሃራልድ ዙር ሃውዘን ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2008 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቶታል።

አደጋ ላይ ያለችው እንግዲህ ቫይረሱ ያልለቀቃት ያቺ ከ10 አንዷ ናት። በእሷም ላይ ቢሆን ካንሰር በአንድ ሌሊት አይመጣም። ሰውነቷ ጤነኛ በሆነ ሴት ላይ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጃል። ኤች አይ ቪ በደሟ ያለ፣ መድኃኒቱን ያልጀመረች ሴት ላይ ግን በ5 እና በ10 ዓመት ሊደርስ ይችላል፤ በአጠቃላይም ኤች አይ ቪ ያለባቸው ሴቶች በዚህ ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ከሌሎቹ 6 እጥፍ ነው። እስቲ አስሉት። በ17 ዓመቷ የተያዘች ልጅ ካንሰሩ ሊታይባት የሚችለው በ32ና በ37 ዓመቷ መካከል ነው። ልጆቿ ገና ትምህርት ቤት ናቸው፤ ቤቱን የያዘችው እሷ ናት። በአገራችን በየዓመቱ ከ7 ሺህ በላይ ሴቶች በዚህ ካንሰር እንደሚያዙ፣ ከ5 ሺህ በላይ የሚሆኑት እንደሚሞቱ ይገመታል። በሴቶቻችን ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ የሚመጣው እሱ ነው።

ስለ ጋብቻ ዕድሜ ሳላነሣ ባልፍ ዝግጅቱ ጎደሎ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሕዝብና ጤና ዳሰሳ በአማራ ክልል ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያገቡበት መካከለኛ ዕድሜ 16 ዓመት ገደማ ነበር። ሕጉ 18 ይላል። በጥርና ከፋሲካ በኋላ ሠርጉ ሲበዛ ምን ያህሏ ሙሽራ 18 ሞልቷት ይሆን? እኛው እናውቃለን። ከቫይረሱ አንጻር ነገሩ እንዲህ ነው፤ የታዳጊ ልጅ የማህፀን በር ገና አልጠነከረም። ቫይረሱ የሚፈልገው ክፍል በልጅነት ዕድሜ ሰፊና የተጋለጠ ነው። የሚገባውም በዓይን በማይታይ ጥቃቅን ጭረት ነው። ስለዚህ በልጅነት የተዳረች ልጅ አንድም ለመያዝ ይበልጥ የተጋለጠች ናት፣ ሁለትም ያ 15 እና 20 ዓመት የሚባለው ቆጠራ ቀድሞ ይጀምርባታል። አባቶች ልጃቸውን ለቁም ነገር ያበቁ እየመሰላቸው ነው ቶሎ የሚድሩት። በዚህ በኩል ግን የሚሰጧት አደጋ ነው።

"ኮንዶምስ?" የሚል ጥያቄ ይኖራል። ይረዳል። ሴቶችን የተከታተለ ጥናት፣ ወንዱ ሁልጊዜ ሳያቋርጥ ከተጠቀመ መያዙን በ70 በመቶ ያህል እንደሚቀንስ አሳይቷል። ሙሉ በሙሉ የማይከላከለው ቫይረሱ የሚተላለፈው በቆዳ ንክኪ በመሆኑ ነው፤ ኮንዶም የማይሸፍነው ቆዳ አለ።

ሌላው ጥያቄ "ታዲያ የ20 ዓመት ልጄን ወስጄ ላስመርምራት?" የሚል ነው። አይሆንም፤ ምክንያቱም እስካሁን ያወራነው ሁሉ ነው። በዚያ ዕድሜ ቫይረሱ በጣም የተለመደ ነው፣ በራሱም የሚለቅ ነው። 20 ዓመቷ ላይ መርምሮ "አለብሽ" ማለት በከንቱ ማስደንገጥ፣ አንዳንዴም የማያስፈልግ ሕክምና መስጠት ነው። በአገራችን መመሪያ ምርመራው የሚጀመረው በ30 ዓመት ሲሆን እስከ 49 ዓመት ይዘልቃል። በ30 ዓመቷ ቫይረሱ የሚገኝባት ሴት አልለቅ ያላት ልትሆን ስለምትችል ያኔ መፈለጉ ዋጋ አለው። ኤች አይ ቪ በደሟ ያለ ሴት ከ25 ዓመቷ ጀምራ መመርመር አለባት፤ ለእሷ ዕድሜው ዝቅ የሚለው ነገሩ በእሷ ላይ ስለሚፈጥን ነው።

ከዕድሜ ውጭ የሆነ አንድ ነገር ግን አለ። ከግንኙነት በኋላ ደም የሚፈሳት፣ በወር አበባና በወር አበባ መካከል የምትደማ፣ ካረጠች በኋላ ደም ያየች፣ ሽታ ያለው ፈሳሽ ያለባት ሴት 22 ዓመቷም ይሁን 60 ዓመቷ ቀጠሮ ሳትጠብቅ ዛሬውኑ ወደ ጤና ጣቢያ ትሂድ። ወደ ጠበል የምትሄዱ እናቶችም ጠበላችሁን ተጠመቁ፤ ምርመራውንም አድርጉ። አንዱ አንዱን አይከለክልም። የንስሐ አባቶችም ይህን ቢመክሩ ከእኔ ሬዲዮ ይልቅ እነሱ ይሰማሉ።

ወደ ክትባቱ ልምጣ። ኢትዮጵያ የኤች ፒ ቪ ክትባትን በአገር አቀፍ ደረጃ የጀመረችው በ2011 ዓ.ም. ነው። ያኔ የተሰጠው 14 ዓመት ለሆናቸው ልጃገረዶች ብቻ ነበር፤ በ6 ወር ልዩነት 2 ጊዜ። ለምን 14 ብቻ? ለምን ሴቶች ብቻ? ብዙ ወላጅ ይህን ጠይቆ መልስ አላገኘም፤ መልስ ያጣ ጥያቄ ደግሞ ወሬ ይወልዳል። "ልጆቻችንን መካን ሊያደርጓቸው ነው" የሚለው ወሬ ከዚህ ነው ጉልበት ያገኘው። እኔ ወላጆችን አልወቅስም። አስቀድሞ በግልጽ ሊነገራቸው ይገባ ነበር።

መልሱ ቀላል ነው። በዚያን ጊዜ ክትባቱ በዓለም ላይ እጥረት ነበረበት፤ ለሁሉም ስለማይበቃ አንድ ዕድሜ ተመረጠ። ሴቶች የተመረጡት የማህፀን በር ያላቸው እነሱ ስለሆኑ ነው። መካንነትን በተመለከተ ክትባቱ በዓለም ላይ መሰጠት ከጀመረበት እ.ኤ.አ. ከ2006 ወዲህ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ክትባት ተሰጥቷል። የዓለም ጤና ድርጅት የክትባት ደኅንነት ኮሚቴ ጉዳዩን ደጋግሞ መርምሮ ከመካንነት ጋር የሚያገናኘው ነገር አላገኘም። ክትባቱ ሕያው ቫይረስ የለበትም፤ የቫይረሱ ቅርፊት አምሳያ ብቻ ነው። ክንድን ለአንድ ቀን ያሳምማል፣ አንዳንዷን ልጅ ያዞራታል፤ ስለዚህ ተከትባ ለ15 ደቂቃ ያህል ተቀምጣ ትቆያለች።

በኬንያ ከ15 እስከ 20 ዓመት ባሉ ወጣት ሴቶች ላይ በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2022 በታተመ ጥናት፣ አንድ ጊዜ ብቻ የተወጋችው ሴት ከ16 እና ከ18 ቁጥር ቫይረሶች በ97 በመቶ ያህል ተጠብቃ ተገኝታለች። የዓለም ጤና ድርጅትም በዚያው ዓመት አንድ ጊዜ መከተብ እንደሚበቃ ተቀበለ። ይህ ለገጠር ትልቅ ነገር ነው፤ ከሩቅ ቀበሌ የምትመጣ ልጅ ከ6 ወር በኋላ እንደገና እንድትመጣ ማድረግ ምን ያህል እንደሚከብድ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎቻችን ይመሰክራሉ። አገራችንም ወደ አንድ ጊዜ ክትባት ገብታ፣ በኅዳር 2017 ዓ.ም. ከ9 እስከ 14 ዓመት ያሉ ከ7 ሚሊዮን በላይ ልጃገረዶችን ለመከተብ ዘመቻ ጀምራለች።

ለምን በ9 ዓመት? ክትባቱ የሚሠራው ቫይረሱ ሳይገባ ነው። የገባውን አያስወጣም። ስለዚህ ልጅቷ ትዳርም ግንኙነትም ሳታውቅ መከተብ አለባት። "ገና ሕፃን ናት፣ ምን አገናኛት?" የምትሉ እናቶች፣ ምንም ያላገናኛት መሆኑ ነው ምክንያቱ።

ክትባቱ በወጣት ሴቶች ላይ ምን እንዳደረገ ለማየት አውስትራሊያን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2007 ነው የጀመሩት። ከዚያ በፊት ከ18 እስከ 24 ዓመት ካሉ ሴቶቻቸው ከ100ው 23 ያህሉ ክትባቱ የሚከላከላቸው የቫይረስ ዓይነቶች ይገኙባቸው ነበር። ከአሥር ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ቁጥሩ ከ100 ከ2 በታች ወረደ። በእንግሊዝ ደግሞ በ12 እና በ13 ዓመታቸው በተከተቡት ላይ የማህፀን በር ካንሰር በ87 በመቶ ቀንሷል።

ክትባቱ በብዛት የሚሰጠው በትምህርት ቤት በኩል ነው። ይህ ችግር አለበት። በክልላችን በጸጥታው ችግር ከትምህርት ገበታ የራቁ ልጆች ብዙ ናቸው፤ ከብት ጠባቂዋ፣ ለሰው ቤት ሥራ የተላከችውም አለች። ትምህርት ቤት ያልገባች ልጅ ለጋብቻ የሚቸኮልባት ልጅ ስለሆነች፣ ክትባቱ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልጋት እሷ ናት። ለእሷ ጤና ኬላውና ጤና ጣቢያው አለ።

በ2011 ዓ.ም. 14 ዓመት የነበራት ልጅ አሁን በ20ዎቹ ውስጥ ናት። ከእሷ በላይ ያላችሁት እህቶቼ አብዛኞቻችሁ አልተከተባችሁም። እናንተን የሚጠብቃችሁ በ30 ዓመት የሚደረገው ምርመራ ነው። ለተከተቡትም ቢሆን ምርመራው አይቀርም፤ ክትባቱ ሁሉንም የቫይረስ ዓይነት አይሸፍንም።

ምርመራው እንዲህ ነው። አዋላጅ ነርሷ ወይም ሐኪሙ የማህፀን በሩን በብርሃን ያያሉ፤ የተበረዘ አሴቲክ አሲድ፣ ማለትም በኮምጣጤ ውስጥ ያለውን አሲድ፣ በጥጥ ይቀቡታል። አንድ ደቂቃ ያህል ይጠብቃሉ። ጤነኛው ቦታ አይለወጥም፤ የተጎዳው ነጭ ሆኖ ይታያል። ነጭ ካዩ ካንሰር ነው ማለት አይደለም፤ ወደዚያ ሊሄድ ይችል የነበረ ቁስል ነው። ብዙውን ጊዜ በዚያው ቀን በቅዝቃዜ ወይም በሙቀት አቃጥለው ያስወግዱታል፤ ሴቲቱ በእግሯ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ቫይረሱን በላቦራቶሪ የሚፈልግ ምርመራም አለ፤ ለዚህኛው ናሙናውን ሴቲቱ ራሷ ለብቻዋ ሆና መውሰድ ትችላለች። ወንድ ባለሙያ ፊት ማፈር ያለ ነገር ነው፤ ሴት ባለሙያ እንድትመረምራችሁ ጠይቁ፤ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ይህ ሳይደረግ ቀርቶ በሽታው ሥር ሲሰድ የሚመጣውን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። የጨረር ሕክምና ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ የነበረው በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። ከጎጃም ሴቲቱን ይዞ ዓባይ በረሃን ወርዶ፣ ወጥቶ፣ አዲስ አበባ ዘመድ ቤት አስቀምጦ ወረፋ መጠበቅ ነበረ። በሬ ተሽጦ፣ መሬት በወለድ አገድ ተሰጥቶ ነው ይህ የሚሆነው። ጤና ጣቢያ ሄዶ በአንድ ጠዋት የሚያልቀው ነገር ነው እዚህ የደረሰው።

እንግዲህ አድማጮቻችን፣ ከ9 እስከ 14 ዓመት ያለች ልጅ በቤታችሁ ካለች መከተቧን ጠይቁ፤ ካልተከተበች የቀበሌያችሁን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ አነጋግሩ። 30 ዓመት የሞላችሁ፣ ኤች አይ ቪ በደማችሁ ካለም 25 የሞላችሁ እህቶች፣ በሚቀጥለው የገበያ ቀን ወደ አምበር ወይም ወደ ደብረ ማርቆስ ስትወጡ መንገዳችሁን በጤና ተቋም በኩል አድርጉ። የማኅበርና የእድር ሴቶች ደግሞ ሦስትና አራት ሆናችሁ አብራችሁ ሂዱ፤ ብቻዋን የምታፍረው ከጓደኞቿ ጋር ትገባለች።